ሃይማኖት፣ የወሊድ መከላከያ እና ልጅ አለመውለድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ውስጥ ነርስ ነኝ። ስለ መድኃኒቱ ከሚጠይቁኝ ይልቅ ስለ ኃጢአቱ የሚጠይቁኝ ይበዛሉ። ጥያቄው የሚመጣው በሩ ከተዘጋ በኋላ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው። የሃይማኖት መምህር አይደለሁም። ግን ሃይማኖታቸው ያላለውን ብሏል ብለው የሚሰቃዩ ሴቶችን አይቻለሁ። በትክክል ያለውንም ማንም ሳይነግራቸው የቆዩ አሉ። የማውቀውን እዚህ ጽፌዋለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሃይማኖቶች ሁሉ የወሊድ መከላከያን ይከለክላሉ?

አይከለክሉም። በግልጽ፣ በጽሑፍ፣ ለሁሉም ምእመን የሚከለክለው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው። በእስልምና አብዛኞቹ ሊቃውንት ጊዜያዊ መከላከያን ባልና ሚስት ከተስማሙበት ይፈቅዳሉ። ፕሮቴስታንቶች በአብዛኛው ለባለትዳሮች ኅሊና ይተዉታል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ደግሞ አብዛኛው ምእመን መልሱን የሚያገኘው ከንስሐ አባቱ ስለሆነ፣ የአንዷ መልስ ከጎረቤቷ መልስ ሊለይ ይችላል።

ሁሉም የሚስማሙበት ነገር ግን አለ። ልጅ የፈጣሪ ስጦታ ነው፤ ማስወረድም መከላከያ አይደለም። ብዙው ግራ መጋባት የሚመጣው ይህ የጋራ እምነት «መከላከል ሁሉ ኃጢአት ነው» ወደሚል ሲለጠጥ ነው።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የምትከለክለው ለምንድን ነው?

መጀመሪያ ታሪኩን እንይ። እስከ 1930 ድረስ ዋና ዋናዎቹ የክርስትና አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ጉዳይ ብዙም አይለያዩም ነበር። በዚያ ዓመት የአንግሊካን ጳጳሳት ለንደን ላይ በላምቤዝ ጉባኤያቸው፣ በጋብቻ ውስጥ በቂ ምክንያት ካለ መከላከያ መጠቀም እንደሚቻል ተቀበሉ። ሮም ቶሎ መለሰች። በዚያው ዓመት የመጨረሻ ቀን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ «ካስቲ ኮኑቢ» በተባለ መልእክታቸው እንደማይፈቀድ አስታወቁ።

ከዚያ እንክብሉ መጣ። አሜሪካ በ1960 ለወሊድ መከላከያነት ፈቀደችው። ጥያቄው እንደገና ተነሳ። ዮሐንስ 23ኛ በ1963 ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚሽን አቋቋሙ፤ ተተኪያቸው ጳውሎስ 6ኛ አስፋፉት። አብዛኞቹ የኮሚሽኑ አባላት ትምህርቱ እንዲሻሻል ሐሳብ አቀረቡ። ጳውሎስ 6ኛ ግን ጁላይ 25 ቀን 1968 «ሁማኔ ቪቴ» የተባለውን መልእክት አወጡ፤ ክልከላውም ጸና። እስካሁንም አልተለወጠም።

ምክንያቱ «ብዙ ልጅ ይወለድ» የሚል አይደለም፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይሳታል። ትምህርቱ የሚለው የባልና የሚስት ግንኙነት ሁለት ነገር አንድ ላይ ይዟል ነው፤ ፍቅርንና ሕይወት መስጠትን። እነዚህን ሁለቱን ሰው በገዛ እጁ ሊለያያቸው አይገባም። ስለዚህ በእንክብል፣ በመርፌ ወይም በኮንዶም መከላከል አይቻልም። በቂ ምክንያት ያላቸው ባልና ሚስት ግን ፅንስ በማይያዝባቸው ቀናት ብቻ መገናኘት ይችላሉ። ይህን ፒዮስ 12ኛ በ1951 ለአዋላጆች ባደረጉት ንግግር አብራርተውታል።

ካቶሊክ ሴቶች ብዙ ጊዜ የማያውቁት ሌላም አለ። ያው «ሁማኔ ቪቴ» በሽታን ለማከም የሚሰጥ መድኃኒትን አይከለክልም፤ መውለድን ለጊዜው ቢያግድም እንኳ። ከባድ የወር አበባ ሕመም ያለባትና ሐኪም እንክብል ያዘዘላት ሴት ኪኒኑን ከቄሱ መደበቅ አያስፈልጋትም።

የአውናን ታሪክስ? እግዚአብሔር የቀጣው በመከላከሉ አይደለም?

ይህ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 38 ያለ ታሪክ ነው። የአውናን ወንድም ልጅ ሳይወልድ ሞተ። በዘመኑ ሥርዓት አውናን የወንድሙን ሚስት ትዕማርን አግብቶ ለወንድሙ ዘር ማቆም ነበረበት። እሱ ግን ልጁ የእሱ እንደማይሆን ስላወቀ ዘሩን በምድር አፈሰሰ። ተቀጣም።

ጥንታውያን አባቶች፣ አውግስጢኖስን ጨምሮ፣ ድርጊቱን ራሱን ኮንነው ተርጉመውታል። በኋላ የመጡ ብዙ ተርጓሚዎች ደግሞ ቅጣቱ የመጣው ለሟች ወንድሙና ለመበለቲቱ የነበረበትን ግዴታ ስለካደ ነው ይላሉ። ለእኔ ሁለተኛው ከታሪኩ ጋር ይበልጥ ይገጥማል። ትዕማርን በሚስትነት ወስዶ መብቷን ግን ነፍጓታል። እንደ እኔ ከሆነ፣ ባሏ ፈቅዶ ሁለተኛ ልጇን ሁለት ዓመት ለማቆየት የምትመጣን እናት በዚህ ጥቅስ ማስፈራራት አግባብ አይደለም።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶስ?

በቤተ ክርስቲያኒቱ ትምህርት ጋብቻ ሦስት ዓላማ አለው። ለመረዳዳት፣ ዘር ለመተካት፣ ከዝሙት ለመጠበቅ። መምህራን ብዙውን ጊዜ የሚመክሩት በመታቀብና በቀን ቆጠራ ነው። ማስወረድ በጥብቅ የተከለከለ ነው። በጾም ወራትና በረቡዕና ዓርብ ባልና ሚስት ይታቀባሉ፤ ስለዚህ መታቀብ ለምእመኑ እንግዳ ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ግን በነርስነቴ ልጨምር። ጾም ጾም ነው፤ መከላከያ አይደለም። የጾም ቀኖች ከማህፀን ቀን ጋር ተማክረው አይመጡም። ሑዳዴን በሙሉ ታቅባ በፋሲካ ሳምንት የምታረግዝ ብዙ ናት።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ መካንነት የሚያመጡ መድኃኒቶችን አጥብቆ ኮንኗል። ስለ ጋብቻ ባስተማረበት ቦታ ደግሞ ሁለት ዓላማ ጠቅሶ፣ ከዝሙት መጠበቅን ከልጅ መውለድ አስቀድሟል። ሁለቱንም ያለው አንድ አባት ነው። አንዱን ብቻ ይዞ የሚሰብክ ሰው ግማሹን አስቀርቷል።

ኑሮው ምን ይመስላል? የአማራ ክልል ሕዝብ ከአምስት አራቱ በላይ ኦርቶዶክስ ነው። በ2016 በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በክልሉ ካሉ ባለትዳር ሴቶች 47 በመቶው መከላከያ ይጠቀሙ ነበር። በአገር ደረጃ ቁጥሩ 36 በመቶ ነው፤ በ2000 ደግሞ 8 በመቶ ብቻ ነበር። እነዚህ ሴቶች እምነታቸውን ጥለው አይደለም የመጡት። ማተባቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው ነው ወረፋ የሚጠብቁት።

መርፌው ወይም ክንድ ላይ የሚቀበረው ደም ያፈሰኛል። ቤተ ክርስቲያን መግባት አልቻልኩም። ምን ላድርግ?

ለእኔ ከጥያቄዎቹ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው።

አንዲት ሴት አስታውሳለሁ። ነጠላዋን እንዳደረገች ነበር የገባችው። ተቀምጣ እጅጌዋን ሰበሰበችና ክንዷን ዘረጋችልኝ። «ሲስተር፣ አውጪልኝ» አለች። መውለድ ፈልጋ እንደሆነ ጠየቅኋት። አይደለም ብላ ራሷን ነቀነቀች። «ደሙ ይመጣል ይሄዳል። ነጋ ብዬ ስነሳ አለ። ፍልሰታን ሙሉ ከቅጽር ውጪ ቆሜ ነው ያስቀደስኩት። ልጆቼ ሲቆርቡ እኔ በር ላይ ነበርኩ።» ደሙን ከጤና አንጻር ብዙም የሚያሳስብ አይደለም ብዬ ማለፍ እችል ነበር፤ መመሪያውም እንደዚያ ይላል። እሷን ግን ከቁርባን አርቋታል። ይህን እንደ ቀላል የጎን ጉዳት የሚቆጥር ባለሙያ የሴቲቱን ሕይወት አላየም።

ሐቁ እንዲህ ነው። የሦስት ወር መርፌና ክንድ ላይ የሚቀበረው መከላከያ የወር አበባን ያዛባሉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጠብ ጠብ የሚል ደም የተለመደ ነው። በመርፌ ላይ ጊዜ ሲሄድ ብዙዎቹ ጨርሶ ይቆምላቸዋል። በሚቀበረው ግን መዛባቱ ሊቀጥል ይችላል። ለጥቂት ቀናት የሚወሰድ አይቡፕሮፌን ወይም ሐኪም የሚያዝዘው እንክብል ደሙን ሊቀንስ ይችላል። ሁለት ሆርሞን ያለው እንክብል ብዙውን ጊዜ የወር አበባን ቀኑን ጠብቆ እንዲመጣ ያደርጋል። ሆርሞን የሌለው ሉፕም (ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው) ዑደቱን አያናጋም፤ ደሙን ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊያበዛው ይችላል። ስለዚህ ስትመርጪ ለባለሙያዋ በግልጽ ንገሪያት፦ «እኔ ቆራቢ ነኝ፤ ደም እንዲያስቀረኝ አልፈልግም።» ይህ በቂ የሕክምና መረጃ ነው።

በእስልምና ይህ ችግር ሌላ መልክ አለው። የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ሊቃውንት የወር አበባንና ከቀኑ ውጪ የሚመጣን ደም ይለያሉ። ሁለተኛው «ኢስቲሓዳ» ይባላል፤ ሶላትንም ጾምንም አያስቀርም። ሴቲቱ ለየሶላቱ ዉዱእ አድርጋ (ለሶላት ታጥባ) ትሰግዳለች። ይህን ሳያውቁ ለሳምንታት ሶላት ያቋረጡ ሴቶች አጋጥመውኛል። የትኛው ደም የትኛው እንደሆነ ለመለየት ግን የምታምኛቸውን ኡስታዝ ጠይቂ።

በጾም እንክብል መዋጥ፣ መርፌ መወጋት ይቻላል?

በረመዳን እንክብሉን በኢፍጣር ወይም በሱሑር ሰዓት ማድረግ ይቻላል፤ ዋናው ነገር ሰዓቱ በየቀኑ አንድ መሆኑ ነው። ምግብነት የሌለው መርፌ ጾምን እንደማያፈርስ አብዛኞቹ የዘመናችን ሊቃውንት ይስማማሉ። ለምትቆርቢ ደግሞ፦ ሁለት ሆርሞን ያለውን እንክብል በጥቂት ሰዓት ማዘግየት ጉዳት የለውም፤ ከቁርባኑ በኋላ ውሰጂው። ለሚያጠቡ እናቶች የሚሰጠው ባለ አንድ ሆርሞን እንክብል ግን መዘግየት አይወድም። ሦስት ሰዓት ካለፈው ለሁለት ቀን ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

እስልምና ምን ይላል?

መነሻው «ዐዝል» ነው፤ ባል ዘሩን ከውጪ ማፍሰሱ ማለት ነው። ጃቢር የተባሉት ሰሓቢይ (የነቢዩ ባልደረባ) «ቁርኣን እየወረደ ሳለ ዐዝል እናደርግ ነበር» ማለታቸው በቡኻሪና በሙስሊም የሐዲስ መጻሕፍት ተዘግቧል። ቢከለከል ኖሮ ይወርድ ነበር ነው ነገሩ። በሌላ በኩል ጁዳማ ቢንት ወህብ ያስተላለፉት ሐዲስ ዐዝልን «ድብቅ ልጅን መቅበር» ይለዋል። ሊቃውንቱ ሁለቱን አስታርቀው፣ አብዛኞቹ «ይፈቀዳል፤ መተዉ ግን ይመረጣል» ብለዋል።

በ1111 ያረፉት ኢማም አል ገዛሊ ነገሩን በዝርዝር ጽፈውታል። ለእሳቸው ዐዝል የተሻለውን መተው እንጂ ወንጀል አይደለም። የእናትን ጤና መጠበቅንና የብዙ ልጅ ጭንቀትን መቀነስን እንደ ተቀባይ ምክንያት ቆጥረዋል። ሴት ልጅ እንዳትወለድ ፈርቶ ማድረግን ግን አውግዘዋል። ከዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ መሆኑ ይደንቀኛል።

ተቃዋሚዎች የሚጠቅሱት የአል ኢስራእ ምዕራፍ 31ኛ አንቀጽ ድህነትን ፈርታችሁ ልጆቻችሁን አትግደሉ ይላል። አብዛኞቹ ሊቃውንት ይህ የተወለደን ልጅ ስለመግደል እንደሆነ ያስረዳሉ። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1988 ኩዌት ላይ ባሳለፈው ውሳኔ፣ ባልና ሚስት ተስማምተውበት ጉዳት እስከሌለው ድረስ ጊዜያዊ መከላከያን ፈቅዷል። ያለ አስገዳጅ የጤና ምክንያት ለዘለቄታው ማምከንን ከልክሏል። መንግሥት በሕግ የልጅ ቁጥር እንዲወስንም አልፈቀደም።

የኢራን ታሪክ እዚህ ላይ ብዙ ያስተምራል። በ1980ዎቹ አንዲት ኢራናዊት በአማካይ ከስድስት በላይ ልጅ ትወልድ ነበር። ከ1989 ጀምሮ መንግሥት በሃይማኖት መሪዎች ድጋፍ መከላከያን በነጻ አዳረሰ። ቁጥሩ በሃያ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ወደ ሁለት ወረደ። በ2021 ደግሞ ያው መንግሥት የሕዝብ ቁጥር እንዲጨምር ብሎ በመንግሥት ጤና ተቋማት ነጻ ዕደላውን የሚከለክል ሕግ አወጣ። ሃይማኖቱ ያው ነው። የተለወጠው የመንግሥት ፍላጎት ነው። «ሃይማኖት ይላል» ሲባል ማን እያለ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

የወሊድ መከላከያ ማስወረድ ነው?

አይደለም። መርፌው፣ እንክብሉና የሚቀበረው በዋናነት እንቁላል እንዳይወጣ ያግዳሉ፤ የማህፀን በር ፈሳሽንም ያወፍሩና የወንድ ዘር እንዳያልፍ ያደርጋሉ። ሉፕ በዋናነት የወንዱ ዘር እንቁላሉ ጋ እንዳይደርስ ያደርጋል። ከግንኙነት በኋላ የሚዋጠው ፖስት ፒል የሚሠራው እንቁላል የሚወጣበትን ጊዜ በማዘግየት ነው፤ የተያዘ እርግዝናን አያቋርጥም። ብዙ የካቶሊክ ምሁራን ግን ሉፕ የተፀነሰ ነገር ማህፀን ላይ እንዳያርፍ ሊያደርግ ይችላል የሚል ስጋት ስላላቸው አጥብቀው ይቃወሙታል። ይህ የሚያሳስብሽ ከሆነ ለባለሙያሽ ንገሪና ሌላ ምረጪ።

ማህፀን ያደርቃል የሚባለውስ?

አያደርቅም። ከመርፌው በኋላ ግን ለማርገዝ ጊዜ ይወስዳል፤ በአማካይ ከመጨረሻው መርፌ ዘጠኝ አሥር ወር። በቅርብ መውለድ የምትፈልግ ሙሽራ መርፌ ባትመርጥ ይሻላታል። የሚቀበረውና ሉፕ በወጡ ማግስት ማርገዝ ይቻላል።

«የከፈተውን ጉሮሮ ሳይዘጋው አያድርም» ይባላል። መከላከል እምነት ማጣት አይሆንም?

ይህን አባባል እወደዋለሁ። ደሃ እናት ሌሊት የምታጽናናበት ቃል ነው። እሷ ስለራሷ ስትለው እምነት ነው። ሌላ ሰው ስድስተኛ እንድትወልድ ሲገፋፋት ግን ያው ቃል ጫና ይሆናል።

በገብስ ማሳ ላይ ዝናብ እንዲዘንብ የሚጸልይ ገበሬ አረም ማረሙን አይተውም። በልጅም እንደዚያው ነው። አራርቆ መውለድ የእናትንና የሕፃኑን ሕይወት ይጠብቃል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከወለዱ በኋላ ቀጣዩ እርግዝና እስኪመጣ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይመክራል። ቁርኣንም እናቶች ልጆቻቸውን ሁለት ሙሉ ዓመት እንደሚያጠቡ ይናገራል።

ማጥባት ራሱ በተወሰነ ሁኔታ ይከላከላል። ሦስት ነገር መሟላት አለበት፦ ሕፃኑ ከስድስት ወር በታች ይሁን፣ ቀንም ሌሊትም ከጡት ሌላ ምንም አይውሰድ፣ የወር አበባም አልተመለሰ። አንዱ ከጎደለ አትተማመኚበት። የማታጠባ ሴት በአራተኛው ሳምንት ገደማ እንኳ እንቁላል ልታወጣ ትችላለች። ለወንድ አርባ፣ ለሴት ሰማንያ ቀን ሞልቶ ክርስትና እስኪነሳ እርግዝና አይኖርም ማለት ስህተት ነው።

መከላከያ ከፈለግኩ ግን መድኃኒቱን ኅሊናዬ ካልተቀበለውስ?

የቀን ቆጠራ አለልሽ። ዑደትሽ ከ26 እስከ 32 ቀን ባለው ውስጥ የሚመላለስ ከሆነ፣ ደም ካየሽበት ቀን ቆጥረሽ ከ8ኛው እስከ 19ኛው ቀን ትታቀቢያለሽ። በትክክል ከተጠበቀ ከመቶ ሴቶች በዓመት አምስት ያህሉ ብቻ ያረግዛሉ። በተለመደው አጠቃቀም ግን አሥራ ሁለት ያህል። ባል ካልተባበረ ደግሞ አይሆንም። የታጋሽ ባልና ሚስት ዘዴ ነው።

ፕሮቴስታንት ነኝ። የእኛ ትምህርት የቱ ነው?

በአብዛኞቹ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ለባለትዳሮች ማራራቅ አከራካሪ አይደለም። ክርክሩ ያለው ጨርሶ ልጅ አለመፈለግ ላይ ነው። ስለዚያ ከታች እመለስበታለሁ።

ባሌ በሃይማኖቱ ምክንያት እምቢ አለ። ሳልነግረው ልጠቀም?

በጤና ተቋም የባል ፊርማ አትጠየቂም። ምስጢርሽም ይጠበቃል። የሦስት ወር መርፌ በአገራችን ከሁሉ የተመረጠው አንዱ ምክንያት ቤት ውስጥ ምልክት ስለማይተው ነው።

የእኔ ሐሳብ፦ መጀመሪያ ይዘሽው ነይ። ብዙ ባሎች የሚቃወሙት ሃይማኖቱን ሳይሆን የሰሙትን ወሬ ነው፤ ተቀምጠው ሲጠይቁ ይለዝባሉ። አብዛኞቹ የፊቅህ ሊቃውንት ባል እንኳ ያለ ሚስቱ ፈቃድ ዐዝል እንዳያደርግ ይላሉ። ሐዋርያው ጳውሎስም በመጀመሪያው የቆሮንቶስ መልእክቱ ምዕራፍ 7 መታቀብን በሁለቱ ስምምነት አድርጎታል። መስማማት የሁለት ወገን ነገር ነው። ዱላ ባለበት ቤት ግን «ተመካከሪ» አልልም። እዚያ መጀመሪያ የሚጠበቀው ሕይወትሽ ነው።

በእስራኤል ያሉ ቤተ እስራኤሎች ለምን መርፌውን ይጠራጠራሉ?

በ2012 መጨረሻ በእስራኤል ቴሌቪዥን የቀረበ ዘገባ፣ ከኢትዮጵያ የመጡ ሴቶች በመሸጋገሪያ ካምፕና ከመጡ በኋላ መርፌውን በቂ ማብራሪያ ሳያገኙ፣ አንዳንዶቹም ተገፋፍተው እንደወሰዱ ሲናገሩ አሰማ። በጃንዋሪ 2013 የጤና ሚኒስቴሩ ዋና ዳይሬክተር፣ ሴቲቱ የመድኃኒቱን ውጤት ያልተረዳች ከመሰለ መርፌው እንዳይታደስላት ለጤና ድርጅቶች አዘዙ። የመንግሥት ተቆጣጣሪ በኋላ ባደረገው ምርመራ በግዳጅ እንደተሰጠ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። የሴቶቹ ቁስል ግን በዚያ አልተዘጋም።

በአይሁድ ሕግ «ብዙ ተባዙ» የሚለው ትእዛዝ የሚመለከተው ወንዱን ነው፤ በሚሽና (በጥንቱ የአይሁድ ሕግ መጽሐፍ) የረቢ ሂሌል ተከታዮች፣ የሂሌል ቤት የሚባሉት፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ይበቃል ብለዋል። ለእናት ጤና ሲባል እንክብልን የሚፈቅዱ ረቢዎች ብዙ ናቸው። መከላከያ መልካም የሚሆነው ግን ሴቲቱ ራሷ ጠይቃና ገብቷት ስትወስደው ብቻ ነው።

ተጋብተን ጨርሶ ልጅ ላለመውለድ ወስነናል። ኃጢአት ነው?

እዚህ ላይ ሃይማኖቶች ከማራራቁ ይልቅ ይጠነክራሉ፤ መሸፋፈን አልፈልግም።

የካቶሊክ ሕግ ከሁሉ ጥብቅ ነው። ከተጋቢዎቹ አንዱ በጋብቻው ዕለት ልጅን ጨርሶ ላለመቀበል ቆርጦ ከነበረ፣ ጋብቻው ከመጀመሪያው እንዳልጸና ሊቆጠር ይችላል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2015 ልጅ ላለመውለድ መምረጥን ራስ ወዳድነት ብለውታል፤ በ2022 መጀመሪያ ደግሞ በልጅ ፋንታ ውሻና ድመት የሚያሳድጉ ጥንዶችን ወቅሰዋል። በኦርቶዶክስ በፈቃዱ ያለ ልጅ የሚኖር ሰው ክቡር ቦታ አለው፤ መንገዱ ግን ምንኩስና ነው። ጋብቻ ገብቶ ዘርን መዝጋት ከጋብቻው ዓላማ አንዱን መተው ነው ይላሉ መምህራን። በእስልምና «አፍቃሪና ወላድ የሆነችውን አግቡ» የሚለው ሐዲስ ይጠቀሳል። አል ገዛሊ ግን ልጅን መተው ትዳርን እንደመተው ነው፤ የተሻለው ቀረ እንጂ ክልክል አልተሠራም ባይ ናቸው። ከወንጌላውያን የዘፍጥረትን «ብዙ ተባዙ» እንደ ትእዛዝ የሚያዩት አሉ፤ እንደ በረከት ብቻ የሚያዩትም አሉ።

እኔ የማምነውን ልናገር። «አልፈልግም» ከሚለው ጀርባ ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር አለ። በልጅነቷ ስድስት ታናናሾቿን ያሳደገች የበኩር ልጅ አውቃለሁ፤ እናትነቷን በአሥራ አምስት ዓመቷ ጨርሳ ነው የመጣችው። በዘር የሚተላለፍ በሽታ የሚፈሩ አሉ። በባዕድ አገር ሁለት ሥራ እየሠሩ ወላጅ የሚረዱ አሉ። እነዚህን ሁሉ በአንድ ቃል ራስ ወዳድ ማለት አልችልም። ራስ ወዳድነትም ያለ ልጅ ብቻ አይመጣም፤ ወልዶ ለአያት ጥሎ የሚሄድም አለ። ሃይማኖታችሁ የሚለውን አውቃችሁ፣ ተመካክራችሁ፣ በፈጣሪያችሁ ፊት ቆማችሁ ከወሰናችሁ፣ ሌላው ሰው የመፍረድ ድርሻው ትንሽ ነው።

ውሳኔው ግን ከሠርጉ በፊት ይነገር። አንዱ ልጅ እየጠበቀ ሌላው በልቡ ዘግቶ መጋባት በማናቸውም እምነት ግፍ ነው።

ዘመድ «መቼ ነው የምናየው?» እያለ አስቸገረን። ምን እንመልስ?

በሠርግ ቀን «እንደ አብርሃምና ሣራ ያድርጋችሁ»፣ «ውለዱ ክበዱ» ይባላል። ምርቃቱ መልካም ነው። ግን አብርሃምና ሣራ ይስሐቅን ያዩት በመቶና በዘጠና ዓመታቸው ነው። እስከዚያ ድረስ ትዳራቸው ትዳር ነበር። የእመቤታችን ወላጆች ሐናና ኢያቄምም ልጅ የለህም ተብለው ከመሥዋዕት የተነቀፉ እንደነበሩ በቤተ ክርስቲያን ይነገራል፤ የነቀፏቸውን ሰዎች የሚያመሰግን የለም። በኢሳይያስ ምዕራፍ 56 ልጅ ለሌለው ጃንደረባ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም ቃል ተገብቶለታል። በቁርኣንም አሽ ሹራ ምዕራፍ አላህ ለሚሻው ሴት፣ ለሚሻው ወንድ ይሰጣል፤ የሚሻውንም መካን ያደርጋል ይላል።

ጠያቂው ሳያውቅ ቁስል ሊነካ ይችላል። ያስወረዳት፣ ሕክምና ላይ ያለች፣ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ወርዳ ተስላ የተመለሰች ልትሆን ትችላለች። ለእናት ወይም ለአማት «እማዬ፣ ጸልዪልን፤ የሚነገር ሲኖር እኛው እንነግርሻለን» ማለት ይበቃል። ለሩቅ ዘመድ ማብራሪያ ዕዳ የለባችሁም። ጥያቄው ሁልጊዜ ለሚስት ብቻ ከሆነ ደግሞ ባል ቀድሞ ይመልስ።

የንስሐ አባቴን ወይም ኢማሙን እንዴት ልጠይቅ?

«መከላከያ ይፈቀዳል ወይ?» ብለሽ አትጀምሪ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ቶሎ «አይ» ያስመልሳል። ያለሽበትን ተናገሪ። ስንት ልጅ እንዳለሽ፣ የመጨረሻውን በምን ሁኔታ እንደወለድሽ፣ ሐኪም ምን እንዳለሽ፣ ለማራራቅ ወይስ ለማቆም እንደፈለግሽ፣ የቱን ዘዴ እንዳሰብሽ። ብዙ አባቶች መርፌ ማስወረጃ የሚመስላቸው ማንም ስላላስረዳቸው ነው፤ እንዴት እንደሚሠራ በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገሪያቸው።

የልብ በሽታ ወይም ከባድ ግፊት ካለብሽ፣ ወይም ተደጋግመሽ በኦፕራሲዮን ከወለድሽ፣ ሐኪምሽ እርግዝና ለሕይወትሽ አደገኛ መሆኑን በወረቀት እንዲጽፍልሽ ጠይቂና ይዘሽ ሂጂ። ይህን ወረቀት አይተው አሳባቸውን የለወጡ አባት አይቻለሁ። ባልሽም አብሮ ይግባ።